ከመሰላሉ ሥር የተነበበው ቆጣሪ

ጋሽ መሰላል በየወሩ በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ቁርሱን በልቶ አፉን ከጠረገ በኋላ፣ ረጅሙን የእንጨት መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ጀርባ ይዞራል። የመብራት ቆጣሪው ያለው እዚያ ነው፤ በቤቱና በጎረቤት አጥር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከረጅም ሰው ራስ በላይ ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ማን እንደሰቀለው እንጃ፤ የሰቀለው ሰው ግን አንድ ቀን አንባቢ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ጋሽ መሰላል መሰላሉን ከግድግዳው ያስደግፋል፣ እግሩን በድንጋይ ያስይዛል፣ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትሻል። አርባ ዓመት ግድግዳ የቀባ ሰው ነውና ይህን ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖም ይሠራዋል።

ከዚያ መሬት ላይ ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆየ ዜማ ያፏጫል። አንድ ሰው ወጥቶ፣ የቆጣሪውን መስታወት ወልውሎ፣ አምስት አኃዝ አንብቦ ለመውረድ የሚበቃውን ያህል ካፏጨ በኋላ መሰላሉን መልሶ ይሸከምና ወደ ቤት ገብቶ ቁጥሩን ለሚስቱ ይነግራታል። ቁጥሩን ከየት አመጣው ቢሉ፣ ከገዛ ራሱ።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ ዘጠኝ ወር በፊት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲቀባ ከመሰላሉ ወደቀ። ከትልቅ ከፍታም አይደለም፤ ከሦስተኛዋ እርከን ነው። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ሕፃን ልጅ እየሳቀ ከሚዘላት ከፍታ ወደቀ። ጎኑ ከመላላጡ በቀር የሆነው ነገር የለም፤ ለሚስቱም «የመንገዱ ጠርዝ አደናቀፈኝ» አላት። በሳምንቱ ግን እንደገና ሊወጣ ሲሞክር፣ ገና ሁለተኛዋ እርከን ላይ ግድግዳው ወደ እሱ የሚመጣ መሰለውና ወረደ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእሱን የከፋ ያደረገው ልጡ የገዛ እንጀራው መሆኑ ነው። ሥራውን «ዕድሜ ነው፣ ይበቃኛል» ብሎ ተወው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መሰላል ብሎ የሚጠራው ሰው መሰላል ፈራሁ ብሎ ለማን ይናገራል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ቁጥሩን ታዲያ እንዲያው በዘፈቀደ የሚፈጥረው እንዳይመስላችሁ። የቤቱ ፍጆታ በወር አንድ መቶ አርባ ገደማ መሆኑን ከድሮ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ወር አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ይጨምራል፣ በሚቀጥለው አንድ መቶ አርባ ሦስት። ብርድ ሲገባ ለውሃ ማሞቂያው ብሎ ከፍ ያደርጋል፤ ሚስቱ ብዙ ሥራ በያዘችበት ወር ለካውያዋ አሥር ይመርቅላታል። ዕድሜውን ሁሉ ቀለም ሲያዋህድ የኖረ ሰው፣ ነጩ ላይ ጠብታ ቢጫ ጣል አድርጎ ዓይን እንዳይወጋ ማድረግ ያውቅበታል። እንዲያውም በዚህ ጥበቡ ትንሽ ይኮራ ነበር ብል አልዋሸሁም።

የማይኮራበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ለሚስቱ መዋሸቱ ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ እትዬ ሜትር ይላታል። ስሙ የወጣላት አንገቷ ላይ ከማይጠፋው መለኪያ ሜትር ነው፤ የጸናው ግን በጠባይዋ ነው። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ፣ መዳፍ ብታክልም፣ አጥፋ ከልብሱ ጋር ትመልሳለች። «ምን ላደርገው?» ሲሏት «እኔ እንጃ፣ የራስሽ ነው» ትላለች። አንዲት እናት ለልጇ የሠርግ ልብስ ልታሰፋ መጥታ የልጅቷን የወገብ ልኬት ትንሽ ቀንሳ እንድትጽፍላት ብትለምናት፣ «ልብሱን እንደፈለጉ አጠበዋለሁ፤ ሜትሩን ግን ማጥበብ አልችልም» ያለችው እሷ ናት። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣም ትምክህትም አልነበረም። ውሃ ቁልቁል ይወርዳል እንደማለት ነበር የተናገረችው። ጋሽ መሰላል ያን ቀን ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ከጋዜጣው በላይ አሻግሮ ያያት አስተያየት የሠላሳ ዓመት ባል አስተያየት አልነበረም፤ ገና የሚጠይቃት ወጣት ይመስል ነበር።

የመብራቱ ውል በእሷ ስም ነው። ቁጥሩን በስልኳ ለመብራት ቢሮው የምትልከውም እሷ ናት። በላከች ቁጥር ከቢሮው «ይህን ቁጥር ከቆጣሪው ላይ በዓይንዎ አይተዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እሷም «አዎ» ብላ ትመልሳለች። ባሏ ካየው አየችው ማለት ነው። ጋሽ መሰላልን በየወሩ እንደ እሾህ የምትወጋው ይህች «አዎ» ነበረች። በልቡ «በሚቀጥለው ወር እነግራታለሁ» ይላል፤ የሚቀጥለው ወር ሲመጣ ደግሞ ያፏጫል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከቢሮው ተቆጣጣሪ መጣች። ወፍራም ጫማ ያደረገች፣ ቦርሳዋን በደረቷ ያቋረጠች፣ ጨዋ ሴት ናት። እትዬ ሜትር ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ መሰላል ይኖርዎታል?» አለችው።

ይህን ጥያቄ በዚያ ሰፈር የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። መሰላሉን አቆመላት፣ ያዘላት፣ እሷም ቀልጠፍ ብላ ወጣች። መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገች። እንደገና ጠረገች።

«ሃያ አራት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት» አለች ከላይ ሆና። በመሞከሪያዋም ለካችውና ወርዳ ወረቀቷን ገለጠች። «ባለፈው የላካችሁት ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ነው።»

«ተሳስተን ይሆናል» አለ ጋሽ መሰላል።

«ሰው በአንድ አኃዝ ይሳሳታል ጋሼ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ግን በስህተት አይጠፋም።» አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ያዘነችለት ትመስላለች። «ወይ ቆጣሪው ተነካክቷል፣ ወይ ቁጥሩ ሳይታይ ተልኳል፣ ወይ ቆጣሪው ራሱ አርጅቷል። የውሉ ባለቤት በሦስት ቀን ውስጥ ቢሮ ቀርባ ታስረዳ። ካልቀረበች መስመሩ ይቆረጣል።» ወረቀቱን ፈርማ ሰጠችው።

እትዬ ሜትር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የፊት ክፍሏ ውስጥ ለሆስፒታል የሚሰፉ ስልሳ የሕሙማን ጋውኖች ተቆርጠው ተደርድረዋል፤ እሷና የአክስቷ ልጅ በሁለት የስፌት መኪና ቀን ከቀን ይሰፋሉ። መብራት ተቆረጠ ማለት መኪናውም ካውያውም ቆመ ማለት ነው። እሷን የነካት ግን ይህ አልነበረም።

«‹ሳይታይ ተልኳል› ይላል» አለች። «እኔ ያላየሁትን ልኬ አላውቅም። አንተ በዓይንህ አይተህ ነው የነገርከኝ።»

ይህን ያለችው እየጠየቀችው አይደለም። ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያን ጊዜ ይናገር ነበር። ጋሽ መሰላል «እህ» አለና ውሃ ጠጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ቃል ሲፈልግ ከረመ። ጠዋት ልንገራት ይላል፤ ጠዋት ጋውን ስትቆጥር ያገኛታል። ከምሳ በኋላ ይላል፤ ከምሳ በኋላ የእናቷን መድኃኒት ስትሰጥ ያገኛታል። የሚስቱ እናት እማማ በኋለኛው ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ውሎአቸው አልጋ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስት ቢሮው ሄዱ፤ ቃሉ ግን አሁንም አልተገኘም።

ቢሮው የሰው ወረፋ በግድግዳው ዙሪያ የተጠመጠመበት ሰፊ አዳራሽ ነው። የክፍሉ ኃላፊ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ መዝገቡን አገላበጠ። ደክሞት ነበር፤ ግን ክፉ ሰው አልነበረም።

«እትዬ፣ ይህን ያህል አያስጨንቅም» አላት። «ቆጣሪው የድሮ ነው። እርስዎ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ፤ ካለፈው ፍተሻችን ወዲህ ያለው አሥራ ዘጠኙም ንባብ በዓይን ታይቶ የተላከ ነው ብለው። ከፈረሙ ስህተቱ የቆጣሪው ሆኖ ይመዘገባል፣ ልዩነቱ ይሰረዛል፣ በሳምንቱ አዲስ ቆጣሪ ይተከልልዎታል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን በሕግ ያስጠይቃል።»

ጋሽ መሰላል ይህን ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው፤ እውነቱን መደበቅ ምን ያደርጋል። አንድ ፊርማ ነው። መብራቱ አይቆረጥም፣ የሚከፈል ነገር የለም፣ አዲስ ቆጣሪ ይመጣል፣ መሰላሉም ምስጢሩን እንደያዘ ይኖራል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይህን ነው፤ እከኩ ደግሞ ወደ አንድ ምላስ የሌለው ብረት ነበር የሚላከከው። ቆጣሪ ስሜ ጠፋ ብሎ አይከስስም።

እትዬ ሜትር ወረቀቱን አንብባ ጨረሰች። «ያነበበው ባለቤቴ ነው» አለች ወደ እሱ እያመለከተች። «አርባ ዓመት መሰላል ላይ የኖረ ሰው ነው። እሱ አየሁ ካለ እፈርማለሁ።» ብዕሩን አነሳች።

የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ጋሽ መሰላል እጇን ያዘ።

«አትፈርሚ» አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«አላየሁም። አንዱንም አላየሁም። መሰላሉን አቆመውና ሥሩ ቆሜ እመለሳለሁ። ቁጥሩን ከራሴ ነው የማመጣው።» እጇን ለቀቀ። «መውጣት አልችልም። ከወደቅሁ ወዲህ መውጣት አልችልም።»

ከወረፋው አንዱ ሳቀ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» አለ ለጎኑ ላለው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። እትዬ ሜትር ዞር ብላ አየችው። ሰውየው ሳቁን ከየት እንዳመጣው ወደዚያው መለሰው።

ብዕሩን አስቀመጠች። ጋሽ መሰላል በሕይወቱ እንደዚያን ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም፤ አምስተኛ ፎቅም ላይ ቢሆን። እሷ ግን ወደ እሱ አልዞረችም፤ ወደ ኃላፊው ነው የተናገረችው።

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ‹በዓይንዎ አይተዋል?› ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ‹አዎ› ያልኩት እኔ ነኝ። የሰማሁትን አየሁ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቅጣት ካለው በእኔ ስም ይጻፉት።»

ኃላፊው ብዙ ሰው አይቷል። የሚጮኽ፣ የሚያለቅስ፣ የሚምል። ቅጣቱን በስሜ ጻፈው የሚል ግን ብዙ አልገጠመውም መሰለኝ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ከቦርሳዋ የሥራ ደብተሯን አወጣች፤ እያንዳንዱ ልብስ በስንት ሰዓት እንደተሰፋና ስንት ሰዓት እንደተተኮሰ የምትጽፍበት ነው።

«አሁን ይህን ይመልከቱልኝ» አለች። «ከመውደቁ በፊት ያሉት ንባቦች የዓይን ናቸው። ያኔ በወር አንድ መቶ አርባ ነበር የምንፈጀው። ሥራዬ ያኔም ይህን ያህል ነው፣ አሁንም ይህን ያህል ነው። የመኪናው ሰዓት፣ የካውያው ሰዓት፣ ይኸውልዎ። የእናንተ ቆጣሪ ግን በወር ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ይላል። ቆጣሪው ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

ኃላፊው ተቆጣጣሪዋን አስጠራ። ተቆጣጣሪዋ የዚያን ዕለት በመሞከሪያዋ የለካችውን ቢሮ ተመልሳ ስታመሳክር፣ ቆጣሪው ምንም እንከን እንደሌለበት ማግኘቷን ተናገረች።

«እንግዲያው ቆጣሪው ደህና ከሆነ ቤቴ ደህና አይደለም» አለች እትዬ ሜትር። «ግማሹ መብራት እኛ ሳንጠቀምበት የሆነ ቦታ እየሄደ ነው።»

«ነገ ጠዋት ሰው እልካለሁ» አለ ኃላፊው።

«ነገ ሩቅ ነው» አለችና ደብተሯን ይዛ ተነሣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ዝምታዋን ያውቀዋል፤ የተበላሸ ስፌት ይዛ ከየት እንደምትተረትረው ስታስብ እንዲህ ነው ዝም የምትለው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ እዚያ ቆመህ ምን ታደርግ ነበር?»

«አፏጫለሁ።»

አልሳቀችም። እርምጃዋን ግን ትንሽ ቀነሰች፤ ጎን ለጎን ሆኑ።

ቤት እንደደረሱ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ሥራውን ጀመረች። የስፌት መኪናዎቹ ይቁሙ፣ ካውያው ይነቀል፣ አምፖል ሁሉ ይጥፋ፣ ማሞቂያው ይዘጋ አለች። የአክስቷን ልጅ በር ላይ ካለው የየክፍሉ መብራት ማቋረጫ፣ ከብሬከር ሳጥኑ አጠገብ አቆመቻትና «እኔ ስጮህ አንዱን ታወርጃለሽ» አለቻት። ምንም ነገር በማይሠራበት ቤት ቆጣሪው መዞር የለበትም፤ ከዞረ ሌባው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ስፌት ላይ እንከን የሚፈለገውም እንደዚሁ ነው፤ አንዱን መስመር ይፈቱና ያያሉ፣ ካልሆነ ሌላውን።

ጋሽ መሰላል መሰላሉን አቆመ፣ ድንጋዩን አስያዘ። «እኔ ልውጣ» አለ። ማለት ነበረበት። አንዷን እርከን ወጣ፣ ሁለተኛዋን ወጣ፣ ከዚያ ወዲያ እግሩ እንደ ችካል ተተክሎ ቀረ። ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ቆማ ታያለች።

«ውረድ» አለችው ሚስቱ፣ ረጋ ብላ። «ውረድና ያዝልኝ።»

ወጣች። እትዬ ሜትር በዕድሜዋ ከወንበር በላይ ወጥታ አታውቅም። ሦስተኛዋ እርከን ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ፈራሁ» አለች፤ ጎረቤቷም የአክስቷም ልጅ በሚሰሙት ድምፅ። «አጥብቀህ ያዝ።»

በጋሽ መሰላል ጉሮሮ ላይ አሥራ ዘጠኝ ወር የተሰካችውን ቃል እሷ በሦስተኛ እርከን ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክር አቀብለኝ እንደማለት አድርጋ ተናገረቻት። የወደቀ ነገር የለም። ጎረቤቷ ራሷን ነቀነቀችና «እኔም ብሆን እፈራለሁ» ብላ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች። ይህች ሴት ምን ዓይነት ሰው ናት አለ በልቡ፤ ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

«ዓይንሽን ከግድግዳው አታንሺ» አላት። አሁን የተናገረው የድሮው ቀለም ቀቢ ነው። «እግርሽን እርከኗ መሃል ላይ። አንድ እጅሽ ሁልጊዜ እንጨቱን ይያዝ። ወደ ታች አትመልከቺ፤ ታች እኔ አለሁ።»

እንዳላት አደረገች። ሲያዝዛት እየታዘዘች፣ አንድ በአንድ ወጥታ ከቆጣሪው ፊት ለፊት ደረሰች። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክብ ብረት ቀስ ብላ ትዞር ነበር።

«ይዞራል» አለች። ከዚያ ጮኸች። «የፊት ክፍሉን አውርጂ። አሁንም ይዞራል። ወጥ ቤቱን። ይዞራል። መታጠቢያ ቤቱን። ይዞራል።» አንድ ብቻ ቀረ። «የእማማን ክፍል አውርጂ።»

ብረቷ ቆመች።

እትዬ ሜትር ከመሰላሉ ወርዳ ወደ ኋለኛው ክፍል የገባችው በሩጫ ነው። እማማ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ተኝተዋል። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አሉ። ይህን ግድግዳ ይወዱታል። «ለወገቤ መድኃኒት ነው፤ እንደ ሰው ይሞቃል» እያሉ ዓመት ሙሉ ሲያመሰግኑት ኖረዋል። ሁሉም ሰምተዋቸዋል፤ የከሰዓት ፀሐይ ነው ብለው አልፈውታል። ልጃቸው መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው። አሁን የተነቀለ ካውያ ስንት እንደሚሞቅ እጇ ያውቃል።

አልጋውን ወደ መሃል ጎተቱት። የጠሩት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳይመሽ ደርሶ ልስኑን በመሮ ሲፈለቅቀው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በሚሰርገው እርጥበት የበሰበሰ ጥንታዊ መገጣጠሚያ ወጣ፤ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ከሰል ሆኗል። የአልጋው ራስጌ እንጨት ግድግዳውን ይነካ በነበረበት በኩል ጠቁሯል። ሠራተኛው ጥቁረቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ እማማን አያቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሌላ ወር አልሰጠውም ነበር» አለ።

ጋሽ መሰላል ይህን ሰምቶ ወጣ። ከመተላለፊያዋ ጥግ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እሱ ሰነፍ ገማች ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ወር ሦስት መቶ፣ አንድ ወር ሃምሳ ቢል፣ ከቢሮው ቶሎ ይመጡ ነበር። የእሱ ግምት ግን ልክ ነበር፤ ቤቱ የሚፈጀውን በትክክል ነበር የሚልከው። የቀረው ግማሽ ግድግዳ ውስጥ እየነደደ፣ እሱ በላካቸው ቁጥሮች ውስጥ ግን ቤቱ አማን ነበር። ቢፈርሙና አዲስ ቆጣሪ ቢተከል ኖሮስ? ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ አለቀሰ።

ሲመለስ እማማ ከአልጋቸው ላይ ሆነው እጁን ያዙት። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላቸው፣ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እኔስ ግድግዳው ሞቀ ስል ለምን ብዬ ጠይቄ አውቃለሁ?» አሉት። ይህ ግን አላጽናናውም።

ኃላፊው ቃሉን ጠብቆ በማግስቱ ተቆጣጣሪዋን ላከ፤ እሷም የተቃጠለውን ሽቦ አይታ፣ ቆጣሪውንም አንብባ ጻፈች። ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። ልዩነቱ በአንድ ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ መብራቱ ከቆጣሪው አልፎ እስከገባ ድረስ የነደደበት ቦታ የቤቱ ጉዳይ ነው። ለሐሰተኛው ንባብ በእትዬ ሜትር ስም የተጻፈ ቅጣት አለ፤ ስድስት ወር ደግሞ ተቆጣጣሪ እየመጣች ታመሳክራለች። መስመሩ አይቆረጥም። እትዬ ሜትር ቅጣቱ ላይ ስሟን አይታ ወረቀቱን አጠፈችና መኪናዋ ላይ ከምትሰካቸው የልኬት ወረቀቶች ጋር ሰካችው፣ መጥቶ የሚያየው ሁሉ በሚያይበት ቦታ። ደንበኛ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲላት «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ተቀጣሁ» ትላለች። ደንበኞቿ አልቀነሱም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን የምታውቅ አንዲት አሮጊት ደንበኛ ብቻ «እውነትስ?» ብትላት፣ «እሷ ከባድ ናት፣ ግን ትታዘላለች» ብላ ባሏን እያየች ሳቀች።

ሃያ አምስተኛው ቀን ደረሰ። መሰላሉን እሱ ተሸከመ፣ እሱ አቆመ፣ እሷ ወጣች፣ እሱ ያዘ። አሁንም ትፈራለች፤ አሁንም ትናገራለች። አኃዞቹን አንድ በአንድ ጠራችለት፣ እሱ ጻፈ፣ መልሶ አነበበላት፣ ወረደች። ሽቦው ከተጠገነ ስምንት ቀን ነው። ወረቀቱን ተቀብላ ተቆጣጣሪዋ ያኔ ከጻፈችው ጋር ያለውን ልዩነት አሰላችና በመዳፏ ሸፍና አየችው።

«በስምንቱ ቀን ስንት ፈጀን? አንተ ብትሆን ስንት ትል ነበር?»

«ተይኝ እስቲ» አለ አፍሮ።

«የምሬን ነው። ንገረኝ።»

ጋሽ መሰላል ሳይወድ አሰበ። «ሠላሳ ሰባት ነበር የሚሆነው። ግን ሰኞና ማክሰኞ የመጨረሻዎቹን ጋውኖች ስትተኩሺ ነው የዋልሽው። ሐሙስ ደግሞ የእማማን አንሶላ። አርባ አንድ።»

መዳፏን አነሳች። አርባ አንድ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ እስክትሰማ። ከዚያ ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ወረደ። ወረቀቱን ይዛ ትክ ብላ አየችው።

«ካውያዬን የትኛው ቀን እንዳጋልኩት ታውቃለህ» አለችው። «ይህን ያህል የምታውቀኝ ሰውዬ፣ መሰላሉን እንደምይዝልህ እንዴት አላወቅህም?»

ጋሽ መሰላል እጁን ከመሰላሉ እንጨት ላይ አሳረፈ።

«እንጃ» አላት።